የክብር ፎጣ

ልጅ ሆኜ፣ ጎባ ገበያ ዳር ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ የሰማሁት ነገር አለ። ሁሉንም አላስታውሰውም። እናቴ ጨው ታስመዝናለች፤ እኔ ቀሚሷን ጨብጬ ቆሜያለሁ። ከፊታችን ራሷን በሻሽ ያሰረች ትንሽ ልጅ ነበረች። ነፋሱ ሻሹን ሲገልጠው ቆረቆር የበላው ራሷ ብቅ አለ። አንደኛዋ ሴት «እናት የላትም እንዴ?» ያለች ይመስለኛል። ሌላዋ «እናትስ አላት፣ ሳሙና ነው የሌላት» ብላ ሳቀች። ምናልባት «ውሃ» ነው ያለችው፤ ረስቼዋለሁ። ከዚያ የመጀመሪያዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ ማነው የላጫት?» ብላ ጠየቀች። መልሱን ሳልሰማ እናቴ ጎተተችኝ። መልስ ስለመኖሩም እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቆረቆር ብዙ ወሬ ሰምቻለሁ። የልጁ እናት ትወቀሳለች፣ ድህነቱ ይወቀሳል፣ ቡዳውም ፀሐዩም ይወቀሳል። ማን ላጨው ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። አንገታችንን ሰጥተነው ዓይናችንን ጨፍነን የምንቀመጥለትን ሰው እንዴት አድርገን እንጠርጥረው?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሮቤ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ፣ የዘውገ ፀጉር ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እውላለሁ። ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤት አላለፈም፤ የቀረውን ያገኘሁት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ ከማዳመጥ ነው። የፀጉር ቤቱ በር ክፍት ስለሚውል ውስጥ የሚወራው ሁሉ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ከተቀመጥኩ በኋላ ከመርፌና ከክር በቀር አሳብ የለኝም፤ ስለዚህ እሰማለሁ።

ዘውገ እጁ ቀልጣፋ፣ ምላሱ ከእጁ የባሰ ቀልጣፋ የሆነ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቤቱን ያስከበረው ግን እጁም ምላሱም አይደለም፤ ፎጣው ነው። ከመስታወቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ምስማሮች ተደርድረዋል፤ በየምስማሩ ላይ አንዳንድ ፎጣ ተሰቅሏል፤ በየፎጣው ጫፍ ላይ የባለቤቱ ስም በቀይ ክር ተጠልፏል። ስሞቹን የጠለፍኳቸው እኔ ነኝ። ይህ «የክብር ፎጣ» ይባላል። እዚያ ግድግዳ ላይ ስሙ የተሰቀለ ሰው ከተማው ውስጥ ሰው ነው። ስሙ ያልተሰቀለ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው፣ ቀለሙ ምን እንደነበረ ከማይታወቅ አንድ ፎጣ ጋር ይተዋወቃል። አንድ መምህር ሥራ ተቀይሮ ከሮቤ ሲሄድ፣ በተለቀቀው ምስማር ምክንያት ሁለት የተከበሩ ነጋዴዎች ተኳርፈው ሽማግሌ ገብቶ ነው ያስታረቃቸው። ይህን በዓይኔ ባላይ ኖሮ እኔም አላምነውም።

የክብር ፎጣዎቹ አስተጣጠብም ይነገር። ቅዳሜ ማታ ዘውገ ሁሉንም ከየምስማራቸው አውርዶ በአንድ ሳፋ ውስጥ ይነክራቸዋል። ውሃው የሮቤ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። አንድ ቁራጭ ሳሙና ከላይ ዞር ዞር ያደርግበትና ጨምቆ በአንድ ገመድ ላይ ያሰጣቸዋል። ነጋዴው፣ ዳኛው፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር በአንድ ሳፋ ተቃቅፈው ያድራሉ ማለት ነው። እሁድ ሲነጋ ደግሞ እያንዳንዱ በየስሙ ወደየምስማሩ ይመለሳል፤ ባለቤቱም የእኔ ብቻ ነው ብሎ አንገቱን ይጠቀልልበታል።

ቶንዶሱ፣ ማለት የፀጉር መቁረጫው ማሽን፣ አንድ ነው። በዚህ በኩል ዘውገ ልዩነት የሚያደርገው በእሳት ነው። ባለ ፎጣ ሲቀመጥ ማሽኑ ላይ አልኮል ጠብ ያደርግና ላይተር ይለኩስበታል፤ ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ባለ ፎጣውም በመስታወት ውስጥ ያንን አይቶ ፈገግ ይላል። እሳቱ ብረቱን ለማሞቅ እንኳ ጊዜ የለውም። ፎጣ የሌለው ሲቀመጥ ዘውገ ማሽኑን ወደ አፉ ያስጠጋና «እፍ» ይልበታል። ለከተማው ትልልቅ ሰዎች እሳት፣ ለሌላው እፍ። ከዚህ ያለፈ ጽዳት በዚያ ቤት አላየሁም።

ከምስማሮቹ ሁሉ መካከለኛው የአቶ ሸዋዓለም ነው። አቶ ሸዋዓለም የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ የሰፈሩ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው። ሲናና ላይ ሰፊ የስንዴ ማሳ አላቸው። እኛ አገር አንድ ወንበር ላይ በደንብ የተቀመጠ ሰው ሌሎቹም ወንበሮች እየተጎተቱ ይመጡለታል። ክፉ ሰው አይደሉም። ደግ ለመሆንም ይወዳሉ፤ በተለይ ሰው ሲያያቸው።

ባለፈው ጳጉሜ፣ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት፣ እድሩ የችግረኞችን ልጆች በነፃ ፀጉር ሊያስተካክል ወሰነ። የለቅሶው ድንኳን ተተከለ፤ «ንፁህ ራስ ለብሩህ ትውልድ» የሚል ባነር ተሰቀለ፤ ማይክሮፎን መጣ። ዘውገ ማሽኑን ይዞ ተገኘ። አቶ ሸዋዓለም ስለ ንፅህና ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ልጆቹ ተሰለፉ። ወንዱም ሴቱም አንድ ላይ ነበር፤ ንፅህና ፆታ አይለይም ተባለ። አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይቀመጣል፤ አንገታቸው ላይ የሚታሰረው ጨርቅ አንድ፣ ማሽኑ አንድ። እሳቱስ? ነፃ ነው እኮ። እፍ ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረም፤ ካሜራ የያዘው ልጅ ሌላ ቦታ ቀጠሮ ነበረው።

ነኢማ ያን ቀን ልጇን ይዛ የመጣችው ወዳ አልነበረም። ነኢማ ከቡታጅራ በኩል የመጣች ሳልባጅ ነጋዴ ናት፤ ገበያ ውስጥ ያገለገለ ሹራብ፣ ኮት፣ የሱፍ ኮፍያ ትሸጣለች፤ በጎሮ ገበያ ቀን ደግሞ ጭነቷን ይዛ ወደዚያ ትወርዳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንድ ልጅ ናት፤ ሮሚ ትባላለች። ሮሚ ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ ፀጉሯ እስከ ትከሻዋ ይደርስ ነበር፤ ጁምዓ ጁምዓ እናቷ ቁጭ አድርጋ ትሠራታለች። ነኢማ የልጇን ፀጉር ማስቆረጥ አልፈለገችም፤ ሱቋ ድረስ ሄደው የለመኗት አቶ ሸዋዓለም ናቸው። ልጅሽን ከሰው አትለያት፣ የተለየች ልጅ መሳቂያ ትሆናለች አሏት። ሰው አገር ያለች ሴት ናትና አፈረች፤ ሰጠቻቸው።

ጥቅምት ሲገባ የሮሚ ራስ ላይ ክብ ነገር ወጣ፤ ዳሩ የቀላ፣ መሀሉ አመድ የመሰለ፣ ፀጉሩ እንደ ታጨደ ማሳ ከሥሩ የተቀጠፈ። ብዙም ሳይቆይ ከክፍሏ ሌሎች ልጆችም ላይ ታየ። ሁሉም በዚያ ድንኳን ያለፉ ናቸው። ይህን ለማወቅ መቁጠር እንኳ አያስፈልግም፤ የተላጩትንና ያልተላጩትን ማየት ይበቃል። ርዕሰ መምህሩ ግን ጠይቆ ጠያይቆ ምንጩን አገኘው፤ የሳልባጅ ነጋዴዋ ልጅ። ሳልባጁ ከውጭ አገር የመጣ በሽታ ይዞ ይሆናል፣ ልጅቷ እዚያ ላይ ትተኛለች፣ ክፍሉን የበከለችው እሷ ናት ተባለ። ሌሎቹ ልጆች ኮፍያ አድርገው ገቡ። ሮሚ ድና እስክትመለስ ቤቷ ትቀመጥ ተባለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

በዚያ ሰሞን በፀጉር ቤቱ የሰማሁትን መድኃኒት ብጽፍ አንድ ክሊኒክ ያስከፍት ነበር። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ ታሽበት አለ። ሌላው ናፍጣ ነው የሚያጠፋው አለ። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የተማረ ሰው፣ የባትሪ ድንጋይ አመድ ሲመክር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ጥፋቱ የሳልባጁ ነው። ይህን የሚሉት እዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው ማሽን እየተላጩ ነው። የባጃጅ ሹፌሩ ማሜ ብቻ፣ ፎጣም የለውም፣ አንድ ቀን ከበሩ ላይ ሆኖ «እኔ ሳልባጅ ስለብስ ዓሥር ዓመቴ ነው፤ ራሴ ላይ የወጣ ነገር የለም፤ አፌ ላይ ነው እንጂ» ቢል ሳቁበት። እሱ ራሱን አስተካክሎ የሚያውቀው ቤቱ፣ በራሱ ምላጭ ነው። ይህን ግን ማንም ልብ አላለውም።

ነኢማ በገበያው ውስጥ ሰው ሹራቧን በጣቱ ጫፍ እያነሳ ሲመልስ ታያለች። ይህን ቻለችው። ያልቻለችው የልጇን ነገር ነው። ሮሚ ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ደጃፍ ላይ ቆማ ልጆቹ ሲሄዱ ታያለች፤ ሲያልፉ «ሳልባጅ ራስ» ይሏታል። አንድ ቀን ሱሪ ለማሳጠር ወደ እኔ ስትመጣ ነኢማ እንዲህ አለችኝ፤ ልጄ ቀለም መቁጠር ጀምራ ነበር፣ አሁን ደብተሯን ስከፍትላት ፊቷን ታዞራለች፣ እንዲህ ከከረመች ትምህርት የሚባል ነገር ከልቧ ይወጣል፣ ያኔ እኔን መምሰሏ ነው አለች። ሱሪውን አስቀምጣ ሄደች።

ልጇን ጤና ጣቢያም ወስዳታለች። እዚያ ያለችው ነርስ፣ ሲስተር ሩሃማ፣ የሮሚን ራስ በጓንት ዳሰሰችና ሳልባጅ ይሁን ምን ሳትጠይቅ በማን ማሽን ተላጨች አለቻት። ቆረቆር የሚባለው ፈንገስ እንደሆነ፣ በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በፎጣ፣ ከሁሉ በላይ ባልጸዳ ማሽን ከራስ ወደ ራስ እንደሚሄድ፣ ቅባት ብቻውን እንደማያድነውና የሚዋጠውን መድኃኒት ሳምንታት ሳታቋርጥ መውሰድ እንዳለባት ነገረቻት። መድኃኒቱን ከጀመረች ትምህርት ቤት መግባት ትችላለች አለቻት። ነኢማ መድኃኒቱን አስጀምራ፣ ልጇን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። ርዕሰ መምህሩ ነገሩ እንደገባው፣ ነገር ግን ወላጆች እንደተቆጡ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሸዋዓለም ካልፈቀዱ እሱ በራሱ ሊያስገባት እንደማይችል ነገራት። እንግዲህ የሮሚ ትምህርት በአንድ ሰው ቃል ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ያ ሰው ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የት እንደሚገኝ ሮቤ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ኅዳር ነበር፤ የአጨዳ ሰሞን። የሰነቴ ተራራ ብርድ መንገዱን ይጠርገዋል። አቶ ሸዋዓለም ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ የሱፍ ኮፍያቸውን ደፍተው መጡና በኦሮምኛ «አካም ቡልተን»፣ እንደምን አደርክ ብለውኝ ገቡ። ዘውገ መካከለኛውን ፎጣ አወረደ፤ አልኮሉን ጠብ፣ እሳቱን ብልጭ አደረገ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ማሜም ባጃጁን አቁሞ በሩን ተደግፏል። ወሬው የኮምባይነር ነው፤ በዚያ ወር ሮቤ ላይ ሌላ ወሬ የለም።

አቶ ሸዋዓለም ትናንት ማሳቸው ላይ ከአንድ የኮምባይነር ኦፕሬተር ጋር የተጣሉትን ይተርካሉ። ማሽኑ የመጣው ሲናር ከዋጠው ማሳ ነው። ሲናር የምንለው ስንዴ መስሎ ስንዴውን የሚያንቅ አረም ነው፤ እኛ ዘንድ ከዘራፊ ይልቅ ይፈራል። ኦፕሬተሩ ቀጥታ ሊገባ ሲል ከፊቱ ቆመው፣ ሆዱን ሳትጠርግ፣ ምላጩን ሳታራግፍ ጎማህ ማሳዬን አይረግጥም እንዳሉት ነገሩን። ሰውዬው ጋሼ ንፁህ ነው፣ ምንም አይታይም ቢላቸው ሳቁበት።

«አይታይም አለኝ» አሉ፣ ዘውገ የቀኝ ጎናቸውን እየላጨ። «ሲናር ሲዘራ መች ይታያል? ሲበቅል ነው የሚታየው። ፀሐይ እስኪከር ድረስ አስጠረግሁት።»

ቤቱ በአድናቆት አጉረመረመ። ይህ ሁሉ ሲሆን ነኢማ በረንዳው ላይ፣ ከእኔ አጠገብ ቆማለች። እንድትቀመጥ ወንበሬን ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም። «አሰላሙ አለይኩም» ብላ ገባች። ሴት በማይገባበት ቤት ስትገባ ወሬው ተቋረጠ። ዘውገ «አዴ ነኢማ፣ የወንድ ቤት ነው እኮ» አላት፤ ሰማችውም አልሰማችውም ሳትል አለፈችውና ከወንበሩ ጎን ቆመች።

ጉዳዩን ባጭሩ ነገረቻቸው። ልጇ መድኃኒት መጀመሯን፣ ጤና ጣቢያው መፍቀዱን ነግራ፣ የቀረው የእርስዎ ቃል ነው አለቻቸው። አቶ ሸዋዓለም በመስታወቱ ውስጥ እያዩዋት፣ በትዕግሥት፣ እንደ አባት መለሱላት። ልጅቷ ታሳዝነኛለች፣ ነገር ግን የብዙሃኑን ልጆች ማሰብ አለብኝ፣ አንቺም ብትሆኚ ያንን ሳልባጅ ከቤት ብታርቂ፣ እኔ ለምሳሌ በሕይወቴ ሳልባጅ ገላዬን ነክቶት አያውቅም አሉ። ከወንበሮቹ ላይ «ዱጋ ነው»፣ እውነት ነው የሚል ድምፅ መጣ።

«ጋሽ ሸዋዓለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ነኢማ። «ያ ሲናር የመጣው ማሳው የድሃ ስለሆነ ነው?»

«ከማሳው ምን አለኝ?» አሉ። «ድሃም ይሁን ሀብታም። የሚያዞረው ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ ነው» አለች። «እንግዲያው ጳጉሜ ላይ የልጄን ራስ የላጨው የትኛው ማሽን ነው?»

የዘውገ እጅ ቆመ። ማሽኑ በእጁ ውስጥ ብቻውን ያንጎራጉራል። ማሜ ከበሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ዘውገ ቀድሞ ነቃ፤ እኔ እኮ ማሽኔን በእሳት ነው የማጸዳው፣ ሁሉም ሰው ያየዋል አለና ለማሳየት አልኮሉን አነሳ። ነኢማ ግን ወደ እሱ አላየችም። ዓይኗ አቶ ሸዋዓለም ማጅራት ላይ ነበር፤ ሻርፑ ወልቆ፣ ፎጣው ሸርተት ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ፀጉር አስተካካይ ሥራውን ሲጨርስ በእጁ መስታወት ኋላህን ያሳይሃል። ዘውገ ለባለ ፎጣዎቹ ይህን ሳያደርግ ቀርቶ አያውቅም። ከጥቅምት ወዲህ ግን ለአቶ ሸዋዓለም መስታወቱን ማሳየት ትቶ ነበር፤ በምትኩ ማጅራታቸውን ፓውደር ያለብሰዋል። እኔ ከበረንዳዬ አይቼ ለዘመኑ ፋሽን ሰጥቼው ነበር።

ነኢማ ያንን የእጅ መስታወት ከመደርደሪያው አንስታ ከኋላቸው ያዘችላቸው። አቶ ሸዋዓለም ፊት ለፊት ባለው መስታወት ውስጥ የማጅራታቸውን ሥር አዩ። ክብ ነው። ዳሩ ቀልቷል፣ መሀሉ አመድ መስሏል። ከጎኑም ሌላ ትንሽ ክብ ጀምሯል።

«ላብ ነው» አሉ መጀመሪያ። በኅዳር፣ በሮቤ።

ማሜ ድምፁን አለስልሶ፣ «ጋሼ፣ ሳልባጅ ገዝተው ነበር እንዴ?» አላቸው።

የሳቀው ማን እንደነበር አላየሁም፤ አንድ ሰው ነበር፤ ከዚያ ሁሉም ሆነ። አቶ ሸዋዓለም አልሳቁም። ቀስ ብለው ወደ ዘውገ ዞሩና «ታውቅ ነበር?» አሉት። ዘውገ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው ጋሼ አለ። እንዳይጨነቁ! አንገታቸው ላይ ሲናር ዘርቶ፣ በዱቄት ሸፍኖ፣ አሳቢ ሆኖ ቁጭ አለ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ባለ ፎጣዎች በየተራ እጃቸውን ወደ ማጅራታቸው ሲልኩ አየሁ። አንደኛው ተነስቶ የራሱን ፎጣ ከምስማሩ አወረደና አሸተተው። ምን ሊያሸት እንደፈለገ እሱ ነው የሚያውቀው።

አቶ ሸዋዓለም ተነስተው ሊወጡ ፈለጉ። ግን የት? ቀኝ ጎናቸው ተላጭቷል፣ ግራው እንዳለ ነው። ውጭው የቅዳሜ ገበያ ነው፤ ከሲናና እስከ ጎሮ የሚያውቃቸው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። በዚያው ማሽን ግራውን ማስጨረስም አልሆነላቸውም። ተመልሰው ተቀመጡና «ጥረገው» አሉት ዘውገን። «ፍታውና ጥረገው። እኔ ፊት።»

ዘውገ በብሎን መፍቻ የማሽኑን ጥርስ ፈታ። ከውስጡ የወጣውን በወረቀት ላይ አራገፈው። ጥቁር፣ ሽበት፣ ቀላ ያለ፣ የሕፃን ለስላሳ ፀጉር፣ ፎረፎርና የደረቀ ዘይት፣ አንድ ላይ ተጋግሮ። ለስንዴው ኮምባይነር የሚያስጠርግ ከተማ ራሱን የሚሰጠው ለዚህ ነበር። ማሜ ወረቀቱን ጎንበስ ብሎ አየና ባለ ፎጣውና ባለ እፍ እዚህ ውስጥ ዘመድ ሆነዋል አለ። ዘውገ ጥርሱን በብሩሽ ፈትጎ፣ አልኮል በሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ነከረው። ሲስተር ሩሃማ እንዳለችው ከሆነ ብልጭ ማድረግ ሳይሆን ቆይቶ መነከር ነው የሚያጸዳው አለች ነኢማ። ስለዚህ ጥርሱ እስኪነከር መጠበቅ ሆነ፤ አቶ ሸዋዓለምም ግማሽ ራሳቸውን ይዘው፣ መሄጃ አጥተው ከእሷ ጋር ተፋጠጡ።

ያን ጊዜ ነው ድርድሩ የተጀመረው። ከስንዴ ነጋዴ ጋር የሚደራደሩ ይመስል፣ መጀመሪያ ጥቂት ሰጡ። እሺ፣ ርዕሰ መምህሩን አሁኑኑ በስልክ እነግረዋለሁ፣ ልጅቷ ሰኞ ትግባ አሉ። ስልካቸውንም አወጡ። እኔ እንግዲህ ነገሩ አለቀ ብዬ ክሬን ወደ መርፌዬ መለስኩ።

ነኢማ ግን አይሆንም አለች። በስልክ ከገባች በሩን ታልፋለች፣ ክፍል ስትገባ ግን «ሳልባጅ ራስ» እንደሆነች ትቀራለች፣ ልጄ ከትምህርት የሸሸችው በሩ ስለተዘጋ ብቻ አይደለም አለች። የፈለገችውን ነገረቻቸው። ሰኞ ጠዋት፣ ልጆቹ ለሰንደቅ ዓላማ ሲሰለፉ፣ አቶ ሸዋዓለም ራሳቸው መጥተው፣ ነገሩ የመጣው ከድንኳኑ እንጂ ከሮሚ እንዳልሆነ እንዲናገሩ። በድንኳኑ ያለፈም ልጅ ሁሉ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ እንዲነግሩ።

«በዚህ ዕድሜዬ፣ በሕፃናት ፊት?» አሉ።

«ንፁህ ራስ ብለው በማይክሮፎን የተናገሩት በማን ፊት ነበር?»

ጎባ ያለ የግል ሐኪም ዘንድ ሄጄ በጸጥታ ታክሜ ስድን እናገራለሁ አሉ። እርስዎ የትም ይታከሙ፣ አላህ ይማርዎት፣ የልጄ ክፍል ግን እርስዎ እስኪድኑ አይጠብቃትም አለቻቸው። በኮሚቴው ስም ሌላ ሰው ልላክ አሉ፤ ራሷን ነቀነቀች። ባለ ፎጣዎቹ ጣልቃ ገብተው ጋሼን አታዋርጂያቸው ሊሉ ጀምረው ነበር። ነኢማ ዞር ብላ «እናንተም ማጅራታችሁን ልያችሁ?» ስትላቸው ሁሉም የሚያስቸኩል ጉዳይ ትዝ አለው። ማሜ ብቻ ቀረ። እኔም በረንዳዬ ላይ።

ዘውገ ጥርሱን ከብርጭቆው አውጥቶ፣ አድርቆ ገጠመው። ግራ ጎናቸውን መላጨት ጀመረ። ማጅራታቸው ላይ ሲደርስ ያቺን ክብ ዙሪያዋን እየሸሸ አለፋት። አቶ ሸዋዓለም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ቁጣ ነው ብዬ ነበር፤ ሲገልጡት ግን ዓይናቸው እንደ ደከመ ሰው ነበር። ፎጣቸውን ራሳቸው ፈትተው ተነሱና ምስማሩ ላይ ሳይሰቅሉት ወንበሩ ላይ ጣሉት።

«ልጅቷ እኔን ትፈራኛለች?» ብለው ጠየቋት።

«ሁሉንም ሰው ትፈራለች አሁን» አለች ነኢማ።

ኮፍያቸውን አንስተው በእጃቸው አገላበጡት፤ አላደረጉትም።

«ሰኞ በሰልፉ ሰዓት እመጣለሁ» አሉ። «ከእድራችን ድንኳን ነው የመጣው፣ እኔም ይዞኛል እላለሁ።»

«ያለ ኮፍያ?»

«ያለ ኮፍያ።»

«ሻርፑስ?»

አቶ ሸዋዓለም እጃቸው ሻርፑ ላይ እንዳለ ቆሙ። ውጭ የገበያው ድምፅ ይሰማል። ዘውገ መሬቱን መጥረግ ጀምሮ ነበር፤ ተወው።

«ያለ ሻርፕ» አሉ።